«ቆርጦ መቀጠል» ምንድን ነው? ለዛገ ጭስ ማውጫ ኪስ የማይጎዳ ጥገና

የቆየ የናፍጣ መኪና የያዘ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ትናንት ደህና የነበረው መኪና ዛሬ ጠዋት እንደ ትራክተር ያጓራል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሣጥን፣ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ቱቦ በዝገት ተበስቷል።

ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ሙሉውን ቀይረው» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ዝገት ቱቦውን እኩል አይበላም። ስለዚህ የተበላውን ክፍል ብቻ ቆርጦ አውጥቶ በቦታው ሌላ ቁራጭ መበየድ ይቻላል። ቆርጦ መቀጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ዝገቱ ለምን ይመርጣል? አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝም ተቃጥሎ ከውሃው ጋር ሲዋሃድ አሲድ ይሆናል። ሞተሩ አጠገብ ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱ አይቆይም። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ግን ይቀዘቅዝና ማርሚታው ሆድ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ይህን ውሃ የማድረቅ ዕድል አያገኝም። ማርሚታው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ቀዳዳው ከውጭ ሲታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ማርሚታዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው። ውሃ ማፍሰሻ ናት። እሷን የሚደፍን ሰው የማርሚታውን ዕድሜ በገዛ እጁ እያሳጠረ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ዝገቱ የት ድረስ እንደሄደ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቁም። ከዚያ በካቻቢቴ እጀታ ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ እፍን ይላል። እዚያ ላይ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በሉት፤ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ አንዳንዴም ጥልቅ ብሎ ይገባል። ጥላሸት የከበበው ስንጥቅ ካያችሁ ጭሱ የሚያፈተልከው በእሱ ነው። በሁለቱም በኩል ጠንካራው ብረት የሚጀምርበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ያለምክንያት አይደለም። የሳሳ ዝገት ብየዳ አይዝም። በያጁ ገና ሲያስጠጋው ብረቱ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ቀዳዳውም ዓይን እያየ ይሰፋል። የዛገ ቱቦ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ቶሎ የሚላቀቀው ለዚህ ነው።

አዲሱ ቁራጭ አሮጌውን ከላይ የሚያለብስ ቢሆን እመርጣለሁ። የውስጥ ስፋቱ ከአሮጌው የውጭ ስፋት ጋር ይገጥማል፣ በየጫፉም ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረባል። እንዲህ ከሆነ በያጅ ባይገኝ እንኳ ሙቀት በሚችል ማስቲሽና በማጥበቂያ ቀለበት ማሰር ይቻላል። ርካሽ ነው ብለው የጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ የሚበይዱ አሉ። የዚንኩ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል፤ ቢቀር ይሻላል። አሉሚኒየም የተቀባ የጭስ ማውጫ ቱቦ ከተራው ብረት ይልቅ ዝገት ይችላል።

ብየዳው ሳይጀመር የባትሪው ነጋቲቭ ይነቀል። አለበለዚያ አልተርኔተሩና የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠሉ ይችላሉ። የነዳጅ ታንከር ወይም የፍሬን መስመር ቅርብ ከሆነ ቱቦው ወርዶ ውጭ ይበየድ። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቀዳዳው ላይ የሚጠቀለል የጭስ ማውጫ ፋሻና ማስቲሽስ? ቀጥ ባለና ጠንካራ በሆነ ቱቦ ላይ ላለች ትንሽ ቀዳዳ ለጊዜው ይሠራሉ፤ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ እስኪያበራ ከጸዳ ማለት ነው። ሆዱ በበሰበሰ ማርሚታ ላይ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እሱን ቆርጦ ሌላ መቀጠል ያዋጣል። የግድ ለዚያ መኪና የተሠራ መሆን የለበትም። የመግቢያና የመውጫው ስፋት ከገጠመ፣ ቦታውም ከበቃው ያገለግላል። ከተፈታ መኪና የወጣ ከሆነ ነቅነቅ አድርጋችሁ ስሙት። ውስጡ ከተንኳኳ ተዉት።

የማይነኩ ቦታዎችም አሉ። የሞተሩን ንቅናቄ እንዲችል በሽቦ ጥልፍ የተሠራው ተጣጣፊ ቱቦ በፋሻ አይጠቀለልም። ፋሻው ሲደርቅ የቱቦው ጎን ይሰነጠቃል። እሱ ተቆርጦ በአዲስ ተጣጣፊ ይተካል። ከቱርቦው (በጭሱ ግፊት ለሞተሩ አየር ከሚነፋው) በፊት የሚያፈስ መኪና ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭሱም ይበዛል። እዚያ ያለው ማኒፎልድ፣ ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፤ በተራ ብየዳ ይሰነጠቃል። ሽታው መኪናው ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ የጩኸት ጉዳይ አይደለም። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢያወጣም ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ እስኪጠገን ባይነዳ ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነስታችሁ የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ። አረፋ ካወጣ ገና ያፈሳል። ማንጠልጠያ ጎማዎቹንም እዩ። አንዱ ከተበጠሰ የማርሚታው ክብደት አዲሱ ብየዳ ላይ ያርፋል። ጎማው ርካሽ ነው፣ አብሮ ይቀየር።