የሐረማያ ሐይቅና ወፎቹ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ደንገጎን ወጥቶ፣ አደሌን አልፎ የሚገኘው ውሃ የሐረማያ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ተፈጥሮ የሠራችው ቢሆንም ለአሥርተ ዓመታት የኖረው እንደ ከተማ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሐረር የቧንቧ ውሃ የሚሳበው ከእሱ ነበር።

ስሙን አገር ያወቀው ግን በአንጋፋው ተቋማችን፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የግብርና ኮሌጁ የተወጠነው በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተፈረመ ውል ነው። ትምህርቱ ጂማ ላይ ተጀመረ፤ በኋላ ወደዚህ መጣ። በጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መረቁት። በ1977 የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1998 ደግሞ «ዓለማያ» ቀርቶ «ሐረማያ» ተባለ። ስንቱ የግብርና ምሁር ከዚህ ወጥቷል!

ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። አንዳንዱ ጥፋቱን በጫትና በአትክልት መስኖ ሞተሮች ላይ ያደርጋል፤ ሌላው በዝናቡ። የከተማው ቧንቧም የራሱን ድርሻ ወስዷል። ተራሮቹ ሲራቆቱ ጎርፍ ያወረደው ደለል ሐይቁን እንደሞላው ግን አያከራክርም። ወፎቹ ሄዱ። በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ ከብት ይግጥ ጀመር።

ሐረር ከድሬዳዋ በኩል ውሃ ካገኘች በኋላ፣ የተፋሰስ ሥራውም ዝናቡም ተጨምሮ፣ ሐይቁ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ወፎቹም እንዲሁ። ዛሬ ይብራ፣ ፔሊካን፣ ፍላሚንጎ ይታያል። ጠዋት ላይ ሽመላ ጭቃው ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አጠገቡ የመስኖ ጎማ ተጋድሞ ማየት የተለመደ ነው። ከመስከረም በኋላ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ይጨመራሉ።

ሰው የሠራው ውሃም ለአራዊት ቤት ይሆናል። አዋሽ ላይ የተገደበው ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ለመብራት ተብሎ ነው የተሠራው፤ አሁን ጉማሬና ብዙ የውሃ ወፍ ይኖርበታል። ቁም ነገሩ ዳርቻው ነው። ውሃው እየሸሸ የሚተወው ለስላሳ ጭቃ ትልና ነፍሳት ስላለው ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይመገቡበታል። በሐረርጌ ገበሬ ማሳ ላይ እየበዙ ያሉት ፕላስቲክ የለበሱ ኩሬዎች ግን ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። ወፍ ይጠጣባቸዋል እንጂ አይኖርባቸውም። አንዱን ጠርዝ ዘርጋ አድርጎ፣ ፕላስቲኩ ላይ አፈር ደልድሎ ሣር ቢበቅልበት ግን እነዚሁ ኩሬዎች የሐረማያን ወፎች ሊያስጠጉ ይችላሉ።