ከተራ፦ በውኃ ሥራ የተሰየመ ዕለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ዓይናችን በዝማሬው፣ በጥላውና በአልባሳቱ ላይ ይቀራል። የዕለቱ ስም ግን ከእነዚህ ከአንዱም አልተወሰደም። «ከተራ» የወጣው «ከተረ» ከሚለው ግስ ነው፤ አገደ፣ ገደበ፣ ዙሪያውን ዘጋ ማለት ነው። ምእመናን ወራጁን ውኃ በድንጋይና በጭቃ ከትረው ለማግሥቱ ጥምቀት ያጠራቅሙት ነበርና ዕለቱ በሥራቸው ተጠራ። እጃቸው በጭቃ የተለወሰ ሰዎች ያወጡት ስም መሆኑ እኔን ደስ ይለኛል።

መከተር ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዲት ቀዳዳ ከተረሳች ሌሊቱን ሙሉ ውኃው ሾልኮ ያድራል። ኤርምያስ ሕዝቡ የሕያውን ውኃ ምንጭ ትቶ ውኃ የማይዙ ቀዳዳ ጕድጓዶችን ቆፈረ ብሎ ያዘነው ስለዚህ ዓይነት ልብ ነው (ኤር. 2፥13)። ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ዕለት የዋዜማውን ጾም፣ ገሃድን፣ ታስጾመናለች፤ ሰውነታችንም አብሮ እንዲከተር ይመስለኛል።

ሰው ያልከተረው ከተራም አለ። ኢያሱ እስራኤልን ሲያሻግር ወቅቱ መከር ነበር፤ ዮርዳኖስ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግር ውኃውን ሲነካ ከላይ የሚወርደው ቆመ፤ እንደ ክምርም ተነሣ (ኢያ. 3፥15-16)። የወንዙ ስም ራሱ በዕብራይስጥ ከ«ያራድ» ጋር ይያያዛል፤ የእኛው «ወረደ» የሥጋ ዘመዱ ነው። ወራጅ ተብሎ የተጠራው ወንዝ መውረዱን አቆመ። የቆመባትስ ከተማ ስሟ ማን ነበር? አዳም! ሊቃውንቶቻችን ዲያብሎስ የአዳምን የዕዳ ደብዳቤ በዮርዳኖስ አኑሮት እንደነበርና ጌታ ሲጠመቅ እንደደመሰሰው ያስተምራሉ። ይህን ይዞ መጽሐፈ ኢያሱን የሚያነብ ሰው በዚያች ከተማ ስም ላይ ቆም ሳይል አያልፍም።

ጌታ በ30 ዓመቱ ወደዚያ ወንዝ ሲወርድ ዮሐንስ «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል» ብሎ ይከለክለው ነበር። ውኃ የሚከተርለት ጌታ በዚያች ሰዓት ራሱ ሊከተር ሆነ። «አሁንስ ፍቀድልኝ» አለው፤ ያን ጊዜ ፈቀደለት (ማቴ. 3፥14-15)።