«አተመ» የሚለው ግስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጎን «ማኅተምና ቲተር እንቀርጻለን፤ መጽሔትና መጽሐፍ እናትማለን» የሚል ሰሌዳ የሰቀለች ትንሽ ሱቅ አለች። «ማኅተም» እና «እናትማለን» ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸውን ግን በዚያ በኩል የሚያልፈው አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። ይህ አለማስተዋል የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ጋዜጦች ዘመን ጽሑፍ ስናነብ ስለሚያሳስተን፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች ማቃናት ወደድሁ፤ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው አባባል ስሕተቱ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እውነታው።

«አተመ» ከማተሚያ መኪና ጋር የመጣ ቃል ነው።
ከጣሊያንኛ የመጡት «ጋዜጣ» እና «መኪና» ናቸው። «አተመ» ግን የግእዙ «ኀተመ» ነው፤ ትርጉሙም ማኅተም አሳረፈ፣ አሸገ ማለት ነው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የአፄ ምኒልክ ማኅተም በደብዳቤ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ሥራና ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል በወረቀት ላይ ተጭኖ የሚሠራው ሥራ በመልክ አንድ ነው፤ ሁለቱም ቀለም የተቀባ ቅርጽን ተጭኖ መተው ነው። አማርኛ ለአዲሱ ሙያ ባዕድ ቃል ሳይበደር ይህን የቆየ ግስ ማሠማራቱን እጅግ አደንቃለሁ።

በድሮ ጽሑፍ «የታተመ» ሲባል ሁልጊዜ በማተሚያ ቤት የወጣ ማለት ነው።
ከሁሉም በላይ አንባቢን የሚያሳስተው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ግሱ ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ስለነበር፣ «የታተመ ደብዳቤ» ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ «የታተመ መጽሐፍ» ደግሞ ከማተሚያ መኪና የወጣ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ መለያው ግሱ ሳይሆን አብሮት ያለው ስም ነው። ዛሬ ማኅተም «ይመታል» እንጂ «ይታተማል» አንልም። ከቢሮ መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ «እባክዎ ማኅተም ይምቱልኝ» ይላል፤ «ያትሙልኝ» ቢል ለጆሮ እንግዳ ይሆናል። የመጀመሪያው ትርጉም ከአፋችን የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

«አእምሮ» ጋዜጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታተም ነበር።
በ1890ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው፣ ስሙንም አፄ ምኒልክ ያወጡለት «አእምሮ» መጀመሪያ አንድርያስ ካቫዲያስ በተባለ ግሪካዊ እጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ የሚሰራጭ ነበር። ስለዚህ ለነዚያ ቅጂዎች ትክክለኛው ግስ «ተጻፈ» ነው፤ ወይም ደግሞ ለሁለቱም የሚስማማው «ወጣ»። ልዩነቱን ዘጌ ላይ በኡራ ኪዳነ ምሕረት በደንብ ተረድቼዋለሁ፤ አንድ ወጣት ጎብኚ ብራናውን እያየ «አባ፣ ይህ መጽሐፍ መቼ ነው የታተመው?» ቢላቸው፣ ካህኑ በቀይ የተጻፈውን ስም በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ይኸ የተጻፈ እንጂ የታተመ አይደለም» አሉት።

«ብርሃንና ሰላም»ን በተመለከተም ማተሚያ ቤቱና ጋዜጣው በአንድ ዓመት እንደተጀመሩ ይነገራል። ማተሚያ ቤቱ በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጋዜጣው መውጣት የጀመረው ግን በ1917 ዓ.ም. ነው።

ግሱ በ«አ» ከተጻፈ «ኅትመት»ም በ«እ» መጻፍ አለበት።
አይደለም። «አሰበ» እያልን «ሐሳብ» እንደምንጽፈው ሁሉ፣ አማርኛ በግሱ የጣለውን የግእዝ ድምፅ በስሙ ላይ በፊደል ጠብቆታል። «እትም» ደግሞ ከአማርኛው ግስ የወጣ ስለሆነ እንዳለ ትክክል ነው።

«ማተብ»ም ከዚሁ ሥር ነው።
ሥሩ «ዐተበ» ነው፤ በመስቀል ምልክት አማተበ፣ ባረከ ማለት ነው። ድምፁ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም።

ደራሲ መጽሐፉን «አተመ» ይባላል።
የሚያትመው መኪናው ያለው ማተሚያ ቤት ነው፤ ደራሲው ያሳትማል። በዚያች ሱቅም ረቂቁን ይዞ የሚመጣው ሰው አሳታሚ፣ ወረቀቱን መኪናው ላይ የምታሰልፈው ልጅ ደግሞ አታሚ ናት።