የወሎ ተራሮች እና የምርጫ ሰሞን ጥያቄ

በወሎ ገጠር አንድ ተራራ ተከለለ ሲባል ከብት አይገባበትም፣ መጥረቢያም አይነሳበትም ማለት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ይነሳል። ቀጥሎ ክትክታውና አጋሙ ይመጣል። አፈሩ ጨርሶ ካልተጠረገ ወይራው ከቆየ ጉቶ፣ ጥዱ ወፍ ከጣለው ዘር ያቆጠቁጣል። ገበሬው ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ይወስዳል። ቀፎ የሰቀለ ማር ይቆርጣል። ከተራራው ግርጌ ያለችው ምንጭም በበጋ ቶሎ አትደርቅም። ይህ ዳሰሳ የዚህን ሥራ ታሪክ ይመለከታል። ነገሩ ተሟልቶ በአንድ ቦታ ስለማይገኝ፣ ዕጩ ተወዳዳሪ ደጁ ሲመጣ ምን ልጠይቀው ለሚል መራጭ እንዲረዳ የተሰባሰበ ነው።

ወሎ ዛሬ በአስተዳደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በሁለት ዞን ተከፍሏል። መቀመጫቸው ወልድያና ደሴ ነው። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ግን ከዚህ ይሰፋ ነበር። ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ይደርሳል። ምሥራቁ ደግሞ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ተዳፋት አገር አፈር አንዴ ከተነሳ ወንዝ ሳይገባ አይቆምም።

ስለ ጥንቱ ጥበቃ የተጻፈው ጥቂት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ዛፎቹም ከገዳሙ ጋር ኖረዋል። እንደ ጃማ ንጉሥና ዳና ባሉ የሼሆች መንደሮችም ዱአ የሚደረግበትን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጥላውን ሲያከብር ኖሯል። ይህን ለማወቅ የደብርና የመስጊድ ዙሪያን ከጎረቤቱ ኮረብታ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ብዙ የተጻፈለት ዘመን ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎ ላይ የደረሰው ረሃብ ስንት ሰው እንደፈጀ ግምቱ ይለያያል፤ ከ40,000 እስከ 200,000 የሚሉ አሉ። ረሃቡ መደበቁ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ግን የሚክድ የለም። እንግዲህ የወሎ አፈርና ዝናብ ጉዳይ ያኔውኑ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል። ዛሬ “አካባቢ ጥበቃ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው” የሚል ሰው ይህን ዘመን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምግብ ለሥራ ፕሮግራም ነው። በእነዚያ ዓመታት የወሎ ገበሬ የሠራው ሥራ በአገሪቱ ከተሠራው ሁሉ ከፊት የሚሰለፍ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የደን፣ የግጦሽና የእርሻ መሬት ማገገሚያ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። በዚህ ክፍያ እርከን ተሠራ፣ ቦረቦር ተከተረ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ተራራ ተከለለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጣቢያውን ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር አቆመ። ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር እዚያ በየጊዜው ይለካ ነበር። በኢትዮጵያ ስለ አፈር መሸርሸር ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው እንደ ማይባር ካሉት የዚህ ፕሮጀክት ጣቢያዎች ነው። የወሎ ሰው ይህን ቢኮራበት አይበዛበትም።

በ1977 ረሃቡ ተመለሰ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ሰፈረ። ከሁሉ ብዙ ሰው የሄደው ከወሎ ነው። የቀረው ገበሬ እርከኑን መሥራቱን ቀጠለ። ችግሩ የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነበር። ተራራው የሚከለለው ከላይ በወረደ ትእዛዝ ነው። ገበሬው ግጦሹን ያጣል፤ ዛፉ የማን እንደሆነ ግን አይነገረውም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ የተከለለ ተራራ በጥቂት ሳምንት ተመነጠረ። አንዳንዶች ይህን ዝርፊያ ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ የተወሰደበትን መሬት መለሰ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አለው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ በትእዛዝ የቆመው ከአዛዡ ጋር ወደቀ፣ የአካባቢው ሰው ድርሻዬ ብሎ የያዘው ቁጥቋጦ ግን ተረፈ።

ስለ ደኑ ታሪክ ራሱ ክርክር አለ። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ ደን ነበር የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክሩሚ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ዘመን የተነሱ የወሎ ፎቶዎችን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ እነዚያው ቦታዎች ተመልሰው ነበር። በብዙዎቹ ከድሮው የበለጠ ዛፍ አገኙ። በቃሉ ወረዳ ከአየር በተነሱ ፎቶዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1958 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቁጥቋጦና ደን ቀንሶ ራቁት መሬት መጨመሩን ያሳያል። ምናልባት ሁለቱ አይጋጩም። ጓሮ የሚተከል ባህር ዛፍ እየበዛ ተራራው ላይ ያለው አገር በቀል ዛፍ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ዕጩው “ብዙ ችግኝ ተክለናል” ሲል የምን ዛፍ፣ የት፣ ስንቱ ጸደቀ ማለት ተገቢ ነው።

ከ1983 በኋላ ያለው ባጭሩ ይሄ ነው። ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ገበሬ በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በማኅበረሰብ ሥራው እርከንና ክለላን አስቀጠለ። ከ2003 ገደማ ጀምሮ ገበሬው በየዓመቱ በበጋ በነጻ ጉልበቱ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ዘመቻ ይወጣል። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ፤ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን በአገር ደረጃ 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ብሏል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ከዛፉ ባሻገር አውሬውም አለ። በአቡነ ዮሴፍ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ፣ በደላንታ ከፍታዎችና ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ጭላዳም አለ። የከፍታው ዕፅዋት፣ ጅብራው፣ አስታውና ጓሳው፣ ሳይጠፋ ነው እነሱ የሚኖሩት። ገብስና ግጦሽ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ቀበሮው የሚሸሽበት ከፍታ እያለቀ ይሄዳል።

ወንዞቹ ብዙ ወሬ የላቸውም፤ ሊኖራቸው ግን ይገባል። በኮምቦልቻ የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ። ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች እንደተገኙባቸው የታተሙ ጥናቶች አሉ። ሁለቱም ቦርከና ይገባሉ። ቦርከና ደግሞ አዋሽ ይገባል። ፋብሪካ ለከተማዋ ወጣት እንጀራ ነው፤ ይዘጋ የሚል የለም። ፍሳሹን አጣርቶ መልቀቅ ግን በአዋጅ ቁጥር 300/1995 የመጣ ግዴታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44ም ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል።

አሁን ወደ ምርጫው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየ5 ዓመቱ ይመረጣል፤ መቀመጫውም ከ550 አይበልጥም። ደን፣ መሬትና የአካባቢ በጀት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በክልል፣ በወረዳና በቀበሌ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ስለዚህ ለተራራው በጣም የሚቀርበውን ምክር ቤት መራጩ ለብዙ ዓመታት በድምፁ አልነካውም። የክልልና የፌዴራል ዕጩ ሲመጣ ይህም ይጠየቅ፤ የቀበሌው ምርጫ መቼ ነው?

ሌላው ጥያቄ ስለ ወረቀት ነው። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። የተከለለው ተራራ ስንቱ በማኅበረሰቡ ስም ተመዝግቧል? ጠባቂው ደመወዙን ከማን ያገኛል፣ ሴፍቲኔት ሲያበቃስ? የወንዙ ውኃ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይገለጻል? እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች አይደሉም፣ ማንኛውም እናት ቡና አፍልታ ልትጠይቃቸው ትችላለች። የሚጠየቁበት ቦታም ሞልቷል። በወሎ ሰው የሚሰበሰበው በቅሬው ነው። ቅሬ ቀብርን ያስተባብራል፤ የከብት ጥፋትና የግጦሽ ጠብም ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባል። ክለላውን የጣሰን የሚቀጣው ደንብም ብዙ ቦታ በእነሱው ሲጸና ኖሯል። ዕጩው ቃሉን ቅሬው ፊት ከሰጠ የሚያስታውስለት ሰው አያጣም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ቦርከና ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ተከትሎ ሲወርድ ከአንድ የምርጫ ክልል ወደ ሌላው ያልፋል። ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ከብት የሚያጠጣበትና የሚያሰማራበት ነው፤ በእርሻ ምክንያትም ጠብቧል። ከብቱን ጨፋ የሚያጠጣው ሰው ኮምቦልቻ ላይ ድምፅ የለውም። የእሱን ጥያቄ ከላይ ያለው መራጭ አብሮ ሊያነሳለት ይገባል፤ ለደሴው ዕጩም፣ ለኮምቦልቻውም፣ ለከሚሴውም በተመሳሳይ ቃል።