በጦርነት ጊዜ የገለልተኛ ንግድ መርከብ መያዝ፦ ከጎጃም ሲታይ

ሁለት አገሮች ሲዋጉ የሦስተኛው አገር ነጋዴ ሥራውን አያቆምም። የጦርነት ሕግም ለተዋጊ አገር ባሕር ኃይል ገለልተኛ የንግድ መርከብን አስቁሞ የመፈተሽ መብት ይሰጠዋል። በገለልተኛ አገር የባሕር ክልል ውስጥ ግን አይፈቀድም። ጣና ላይ የሚቀዝፍ ባለታንኳ በዚህ ሕግ እንቅልፍ አያጣም።

አሠራሩ ኬላ ላይ መፈተሽ ለለመደ የደጀን ሹፌር እንግዳ አይሆንበትም። የጦር መርከቡ «ቁም» የሚል ምልክት ያሳያል። ከዚያ አንድ መኮንን በጀልባ ሄዶ ይሳፈራል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀት ነው፦ የመርከቡን ምዝገባ፣ የጭነቱን ዝርዝር፣ የመርከበኞቹን ስም፣ የጉዞውን መዝገብ። ነገሩ ካላማረው ጭነቱን ያስከፍታል። ለጠላት የሚሄድ መሣሪያ ከተገኘ መርከቡ ይያዛል። የታገደ ወደብ ጥሶ ለመግባት መሞከርና ፍተሻን በጉልበት መቃወምም ያስይዛሉ።

የያዘ ሁሉ ግን ወረሰ ማለት አይደለም። መርከቡ ወደብ ተወስዶ ጉዳዩ የምርኮ ፍርድ ቤት፣ ማለትም መያዙ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን የሚወስን ችሎት፣ ይቀርባል። ችግሩ ዳኛውም የያዡ አገር ሰው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የወጣው የፓሪስ መግለጫ ቢያንስ አንድ ልጓም አበጅቷል፦ በገለልተኛ ባንዲራ ሥር የተጫነ የጠላት ዕቃ፣ ለጦርነት የሚውል የተከለከለ ዕቃ እስካልሆነ ድረስ አይነካም።

በዚህ ሕግ ታሪክ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ ከሚነሳ መርከብ አንዷ ጉዳይዋ የእኛው ነበር። በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ ዱልዋይክ የተባለች የሆላንድ መርከብ ለኢትዮጵያ የታሰበ ጠመንጃና ጥይት ጭና ቀይ ባሕር ገባች። ኤትና የተባለው የጣሊያን የጦር መርከብ ያዛት። መድረሻዋ ጅቡቲ፣ ማለትም ገለልተኛ የፈረንሳይ ወደብ ነበር። ታዲያ ወደ ገለልተኛ ወደብ የሚሄድ ዕቃ እንዴት ይያዛል? የሮማው ፍርድ ቤት የመረመረው ጭነቱ የሚራገፍበትን ሳይሆን በመጨረሻ የሚደርስበትን ቦታ ነው። መያዟ ሕጋዊ ነው አለ። ነገር ግን በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ የሰላም ውል ተፈርሞ ስለነበር መርከቧም ጭነቷም አይወረሱም ሲል ፈረደ። በእኔ ግምት ጣሊያን ከሰላሙ በፊት ፍርድ ብታገኝ ኖሮ ጠመንጃው አይመለስም ነበር።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የተከለከለው ዕቃ ዝርዝር ተለጥጦ እህልን ሳይቀር አካተተ። ኢራንም ከኢራቅ ጋር ስትዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1986፣ ፕሬዚደንት ቴይለር የተባለ የአሜሪካ ንግድ መርከብ አስቁማ ፈትሻለች።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ታጣቂዎች ሁቲዎች በሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የንግድ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሲይዙ ወሬው የማዳበሪያንም መንገድ ይነካ ነበር። ከሞሮኮ በስዊዝ በኩል የሚመጣ ማዳበሪያ ባብ ኤል መንደብን ሳይሻገር ጅቡቲ፣ ከዚያም ቢቸናና ሞጣ አይደርስም።