ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ምንድን ነው? ከሥነ ሕንፃስ ጋር ምን ያዛምደዋል?

ኢንዱስትሪያል ዲዛይን በፋብሪካ በብዛት የሚመረቱ ዕቃዎችን፣ ከወንበር እስከ በር እጀታ፣ ለሰው አካልም ለማምረቻው ማሽንም በሚስማማ መልኩ የመንደፍ ሙያ ነው። አርክቴክቱ ሕንፃውን የሚነድፈው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ለታወቀ መሬት ነው፤ የዕቃው ዲዛይነር ግን ሥራው በሺህ ተባዝቶ ማን ቤት እንደሚገባ አያውቅም። ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት በልክ ላይ ነው።

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲኬድ የሚታየውን ብሎኬት እንውሰድ። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በማሽን ተጠቅጥቆ የሚወጣ ምርት ሲሆን፣ መሐሉ ክፍት መሆኑ ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ግንበኛውንም ከሸክም ያሳርፋል። አርክቴክቱ የግድግዳውን ርዝመት ከዚህ ልክ ጋር ካላስማማ ግንበኛው በየረድፉ ብሎኬት እየሰበረ ሲያሟላ ይውላል።

ሁለቱ ሙያዎች ከአንድ እጅ የወጡበት ጊዜም አለ። ጀርመናዊው አርክቴክት ፒተር ቤረንስ እ.ኤ.አ. በ1907 የኤሌክትሪክ ኩባንያው የኤኢጂ አማካሪ ሆኖ፣ የኩባንያውን ፋብሪካም ኩባንያው የሚያመርተውን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያም ነድፏል። እኔን ከሁሉ የሚመስጠኝ ግን ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ ፓይሚዮ በምትባል የአገሩ ከተማ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። አልቶ የእጅ መታጠቢያውን ሳይቀር ራሱ የነደፈው ሲሆን፣ ውኃው በሰያፍ እያረፈ ያለ ድምፅ እንዲወርድ ያደረገው አንዱ ታማሚ ሲታጠብ አብሮት የተኛውን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ነው። የወንበሩንም መደገፊያ ለታማሚው አተነፋፈስ እንዲያመች አድርጎ አዘንብሎታል።

በእኛ ማዕድ ቤት ይህ አሳቢነት የሚጎድለው ምጣዱ ጋ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ መውጫ፣ እንጀራው በሰፌድ ሲወጣ ደግሞ ጋጋሪዋ ክንዷን የምትዘረጋበት ቦታ ያስፈልጋል። በከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት አክስቴ ምጣዱን ማዕድ ቤት ሲያስገቡት በሩ አልዘጋ ስላላቸው በረንዳ ላይ አውጥተውታል። አርክቴክቱ ፕላኑን ሲስል ምጣዱን ከነእግሩና ከነአክንባሎው ቢያሰፍረው፣ አምራቾቹም የምጣዱን ስፋትና ቁመት በአንድ የታወቀ ልክ ቢወስኑት ኖሮ፣ አክስቴ በክረምት በረንዳውን በሸራ ጋርደው ባልጋገሩ ነበር።