መሪ ልጅ፣ በቅሎና ውሻ፦ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍና የሌላው ሰው ፍላጎት በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ አይገባም። ቆሞ ይጣራል። «ቤቶች!» ይላል፤ ቀጥሎ «ውሻ ያዙልኝ!»። ከውስጥ አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣና ውሻውን አንገቱን ይይዛል። እንግዳው ያልፋል። ውሻው ቤትና በግ ጠባቂ ነው፤ ይፈለጋል። እንግዳውም መነከስ የለበትም። ሁለቱን የሚያስታርቀው የውሻው ባለቤት ነው፤ ወጥቶ የመያዝ ግዴታ የእሱ ነው። በዚህ አካባቢ አካል ጉዳተኛ ከነድጋፉ ከሌላው ሰው ጋር እንዴት ተቻችሎ እንደሚኖር ለማየት ከዚህ አጥር መነሳት ይሻላል።

አካባቢው ለእግር አይመችም። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ቆላው ሸዋ ሮቢት። መንዝና አንኮበር ገደል ለገደል ናቸው። ከተማ ውስጥ ችግሩ ደረጃ ነው። ገጠር ተራራው ራሱ ደረጃ ነው፤ ማን ራምፕ ይሠራለታል?

የጉዳቱ መነሻ ብዙ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ብርሃኑን ይወስዳል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት ያረሰ ሰው ደግሞ በዝሆኔ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው ግጭትም ብዙ ሰው አቁስሏል።

መሪ ልጅ

ዓይነ ስውርን እዚህ አገር ሲመራ የኖረው ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ ወይም የእህት ልጅ፤ አንዳንዴ ለምግብና ለልብስ ብሎ የተጠጋ። የበትሩን አንድ ጫፍ አዛውንቱ፣ ሌላውን ልጁ ይይዛል። ጥሩ መሪ አፉም አያርፍም። «ድንጋይ አለ»፣ «ውኃ ነው፣ ይራመዱ»፣ «አባ እገሌ እየመጡ ነው» ይላል። የመጨረሻዋ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ታላቅን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር፣ ማን እንደመጣ የሚነግር መሪ የሰውየውን ክብር ይጠብቃል። በውጭ አገር ዓይነ ስውርን እንዲመሩ የሚሠለጥኑ ውሾች አሉ፤ ይህን የሚችል ውሻ ግን የለም።

ታዲያ ልጁስ? አካል ጉዳተኛን ስለመደገፍና ስለሌሎች ፍላጎት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው በውሻ ፀጉር የሚያስነጥስን ተሳፋሪ ነው። እኔ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ልጅ ነው። ሌላው ሰው የሚባለው መጀመሪያ እሱ ነው። ገበያ ቀን ከትምህርት ይቀራል። በዓል ሲመጣ ከአያቱ ጋር ከደብር ደብር ይዞራል። የዓመቱ ፈተና ላይ ውጤቱ ሲወርድ «ሰነፍ» ይባላል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ መላ አለው፤ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ይመራል። ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ፈረቃውን ለሁለት ያካፍላቸዋል። አንድ ልጅ ብቻ ካለ ግን የአንዱ ዓይን የሌላውን ደብተር ይበላል። ነጭ በትር ይዞ ብቻውን መሄድ የለመደ ዓይነ ስውር ለራሱ ነፃነት ብቻ አይደለም የሚያገኘው። አንድ ልጅም ወደ ክፍሉ ይመልሳል።

በነገራችን ላይ የቤተ ክህነት ትምህርት ለዓይነ ስውራን ጥንትም በሩ አልተዘጋም። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚያዝ ስለሆነ ጆሮና ልብ ያለው ይዘልቀዋል። ቅኔ ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን ነበሩ፣ አሉም። ሊቅን «ዓይናማ» ማለት የተለመደ ነውና ማየት የተሳናቸው መምህር «ዓይናማ» ሲባሉ የሚደነግጥ የለም።

መናኸሪያ

አንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ አንድ አዛውንት በመሪ ልጅ ገቡ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ «ልጁም ይከፍላል» አለ። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው «እሱ እኮ ዓይኔ ነው። ለዓይን ይከፈላል እንዴ?» አሉ። ረዳቱ ሳቀ፣ ግን አልተወም። «አባቴ፣ ወንበር ከያዘ ሰው ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። ረዳቱ ማታ ሒሳብ የሚያስገባው በወንበር ቁጥር ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ልጁን በጉልበታቸው መሀል አቆሙትና መኪናው ሄደ። ስምምነቱ ላይ የደረሱት ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን መንገዱን ሙሉ የቆመው ልጅ ነው።

ከኋላ ወንበር ሥር እግሯ የታሰረ ዶሮ ነበረች። ስለ እሷ ማንም አልተነፈሰም። በዓል ሲደርስ በግም ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ይሄዳል። ስለዚህ «መኪና ውስጥ እንስሳ ነውር ነው» የሚል ሕግ በእኛ ዘንድ የለም። ነውር የሚሆነው እንስሳው ውሻ ሲሆን ነው።

ዊልቸር ሌላ ጣጣ አለው። ታጥፎ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እንደ ጭነት የሚያስከፍልበትም አለ። እግሩ የማይታጠፍ ሰው ጋቢና ያስፈልገዋል፤ ጋቢናን ደግሞ የማይፈልግ የለም።

በቅሎ

እግሩ የማይሄድለት የገጠር ሰው ዋና ድጋፍ በቅሎ ናት። ገደል ላይ እግሯ አይስትም፣ ጉዞዋም አያናጋም። ለብዙ አረጋውያን በቅሎ የምታመላልሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶና ወደ ጤና ጣቢያ ነው። አንድም ቀን «የአካል ጉዳት ድጋፍ» ተብላ አታውቅም እንጂ ሥራዋ ሌላ አይደለም።

ሥርዓቷም የታወቀ ነው። በቅሎ ትራገጣለች፤ ስለዚህ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ተደርጋ ትታሰራለች። ቅጥር ውስጥ አትገባም። በሩ ጋ ሲደርሱ ሰውየው ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደግፈው የሰው ትከሻ ነው። እንስሳው እስከ ደጃፉ፣ ሰው ከደጃፉ በኋላ።

ደጀ ሰላምና ጸበል

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁሉ የተፈቀደ ድጋፍ አለ፤ መቋሚያ። ረጅሙን ቅዳሴና ማኅሌት ቆሞ ለማስቀደስ ጤነኛውም ደካማውም ይደገፍበታል። መቋሚያ የያዘን ሰው «ምን ሆንክ?» የሚለው የለም። ድጋፉ የሁሉ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዊልቸር ግን ጫማ ወልቆ በሚገባበት ምንጣፍ ላይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ዙሪያውን ደረጃ ነው። ያም ሆኖ የግቢው ልማድ ነገሩን ያቀልለዋል፤ ብዙው ምእመን በተለያየ ምክንያት ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ ስለሚያስቀድስ፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ውጭ ቢቀር ተለይቶ አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ሊቆርብ ሲል ነው። ያኔ ጎረምሶች ተጋግዘው ከነወንበሩ ያነሡታል። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል። አንዳንዱ ደግሞ መሸከምን እንደ ውርደት ቆጥሮ ከመቁረብ ይዘገያል። የጠየቀው ስለሌለ አይታወቅለትም።

ጸበል ቦታ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከሩቅም ከቅርብም በሽተኛና አካል ጉዳተኛ የሚመጣባቸው ናቸው። ጸበል ሲጠመቁ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። እንግዲህ አባት በሴት ልጁ እየተመራ ቢመጣስ? ወንዶቹ ወደሚጠመቁበት ልትከተለው አትችልም። ልብሱን ያወለቀው ወንድ ሁሉ ክብሩ አለ። አባትየውም ያለ መሪ የረጠበ ድንጋይ ላይ መቆም አይችልም። የሚደረገው እንዲህ ነው። ልጅቱ አጥሩ ጋ ቆማ «እባካችሁ አባቴን ያዙልኝ» ትላለች። አንድ የማያውቃት ሰው እጁን ይቀበላታል። ጸበሉን አስጠምቆ፣ ልብሱን አስለብሶ፣ መልሶ ያስረክባታል። ስሙን እንኳ ላትጠይቀው ትችላለች።

ውሻው

አሁን ወደ ውሻው። መሪ ውሻ በሥርዓት ማሠልጠን የጀመሩት ጀርመኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ኦልደንቡርግ ከተማ ውስጥ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1929 ተከፈተ። አንድ ውሻ ሥራ ሲጀምር ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

ስለ ማመጣጠኑ በሰፊው የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ውሻው ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ሥራ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ አጠገብ ተኝቶ ማጽናናት አይበቃም። የሱቅ ወይም የምግብ ቤት ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት ያስፈልጋል ወይ? ምን እንዲሠራ ሠለጠነ? «ወረቀት አሳየኝ» አይባልም። ሌላው ሰው አለርጂ አለብኝ ወይም እፈራለሁ ቢል ባለ ውሻው አይባረርም፤ ሁለቱ ተራርቀው እንዲቀመጡ ይደረጋል። ውሻው ካስቸገረና ባለቤቱ ካልያዘው ግን ውሻው ይወጣል፤ ባለቤቱ ያለ ውሻው ይስተናገዳል። ያው «ውሻ ያዙ» ማለት ነው፣ በሕግ ቋንቋ።

ይኸው ሕግ ከውሻ ሌላ አንዲት እንስሳ ያውቃል፤ የሠለጠነች ድንክ ፈረስ። ቦታው መጠኗን ከቻለና ሰው የማትጎዳ ከሆነች ትገባለች። ይህን ለአንድ የመንዝ ፈረሰኛ ብነግረው ከልቡ የሚስቅ ይመስለኛል።

ስሜት ያረጋጋሉ የሚባሉት እንስሳት ጉዳይ ሌላ ነው። አውሮፕላን ላይ ነገሩ ልክ አጥቶ ጣዎስ ይዞ የመጣ ተሳፋሪ ሁሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንቡን ለወጠና አየር መንገዶች እነዚህን እንደ ረዳት እንስሳ የመቀበል ግዴታቸው ቀረ። የበዛው ማስመሰል የጎዳው እውነተኛ መሪ ውሻ ያላቸውን ነው፤ እነሱም ሲገቡ በጥርጣሬ መታየት ጀመሩ።

መሪ ውሻ ደብረ ብርሃን ቢመጣስ? ሰው የሚፈራው በከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሌላው ሰው ፍርሃት በክትባት ካርድ እንጂ በምክር አይለቅም። የአጥር ውሾችም አሉ። እንግዳ ውሻ ሲያዩ ተጠራርተው ይመጣሉ፤ መሪው ራሱ መሪ ይፈልጋል። የሃይማኖቱም ነገር አለ። «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» የሚባለው ከሁሉም አቅጣጫ ዱላ ለበዛበት ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? በሙስሊሙ ወገን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ፈለግ) የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ አንዱን ጊዜ በአፈር ጨምሮ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ለጥበቃና ለአደን ግን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል፤ ለችግር ሲሆን መንገድ አለ ማለት ነው። እንደ እኔ ከሆነ መልሱ ከበቅሎዋ ይገኛል። ውሻው ደጃፍ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ይረከባል። ሱቅ፣ መኪናና ቢሮ ግን ደጀ ሰላም አይደሉም፤ እዚያ ይህን ምክንያት ማቅረብ አይሠራም።

ሕጉ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲደግፍ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የሚለውን ያዙልኝ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና ሰዓቱን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ ያስገድዳል። ረዳት የተባለው ሰው ነው። ግዴታው ግን ወሰን አለው፤ ወጪው ወይም ችግሩ ከድርጅቱ መጠን ጋር ሲታይ ከአቅም በላይ ከሆነ ይነሣል። ትልቅ ፋብሪካና ሁለት ሠራተኛ ያላት ሻይ ቤት አንድ አይደሉም፤ ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ «አቅም የለኝም» ማለት ምንም አለማስከፈሉ ነው። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለዊልቸር መግቢያና የሚመች መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዘዘ። ራምፕ የተሠራላቸው አሉ። አንዳንዱ ራምፕ ላይ ሞተር ብስክሌት ቆሞበታል፤ አንዳንዱ በጣም ቀጥ ከማለቱ የተነሣ በግ እንኳ ያንሸራትታል። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ሕጉ የማይደርስበት ቦታ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ወይም ጓደኛው። በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሌሎቹ ፈተና አለባቸው፣ እንቅልፍ ይፈልጋሉ። የጆሮ ማዳመጫ ግማሹን ይፈታል። ሌላው ግማሽ አንባቢው ሰው ሲሆን ነው። ያኔ ሁለቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው ኮሪደር ላይ ይወጣሉ። የደብረ ብርሃንን ሌሊት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ነጭ በትርም ቢሆን ከውሻ አላመለጠም። ለአጥር ውሻ በትር ያው ዱላ ነው፤ ሲያየው ይበልጥ ይነሣል። የሰንሰለቱን ርዝመት ደግሞ ዓይነ ስውሩ አያየውም። እና አጥሩ ጋ ቆሞ ይጣራል። ጩኸቱ እስኪበርድ፣ ሰንሰለቱ እስኪንኳኳ ይጠብቃል። ከውስጥ «ተይዟል፣ ይግቡ» ሲባል በትሩን ያስቀድማል።